ታዛቢ፣ ቃፊር፣ ቀጂ፤ የኮምፒዩተር አውታረ መረብ ክትትል ታሪክና የአማርኛ ስያሜው ጉዳይ

1. መግቢያ

አንድ የሙያ ቃል ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ ሲመለስ ተርጓሚው በመጀመሪያ የሚያየው ቃሉን ነው፤ ቃሉ የሚወክለውን ሥራ የሚያየው ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው። ቃሉና ሥራው አንድ ለአንድ የሚገጥሙ ሲሆን ይህ ልማድ እምብዛም ጉዳት አያስከትልም። በባዕዱ ቋንቋ አንድ ቃል ሁለትና ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ደርቦ የያዘ እንደ ሆነ ግን፣ ቃሉን ብቻ ተከትሎ የሚሰጥ ትርጉም ያልተፈታውን ቋጠሮ እንዳለ ወደ እኛ ቋንቋ ያስገባል።

በኮምፒዩተር አውታረ መረብ ሙያ ውስጥ እንግሊዝኛው «ሞኒተሪንግ» እና «ፕሮብ» እያለ የሚጠራቸው ነገሮች ለዚህ ሁነኛ ምሳሌ ናቸው። ሁለቱ ቃላት በአማርኛ ጽሑፎች ውስጥ አንዳንዴ «ቁጥጥር»፣ አንዳንዴ «ክትትል»፣ አንዳንዴም «ምርመራ» ወይም «ስለላ» እየተባሉ ሲተረጐሙ ይታያል። እነዚህ አራት ቃላት ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ አንድ ዐይነት ስሜት የሚሰጡ አይደሉም። ቁጥጥር ሥልጣንን፣ ክትትል ጥንቃቄን፣ ምርመራ ተጠርጣሪን፣ ስለላ ጠላትን ያስታውሳሉ። አንድ የሥራ ውል ወይም የመሥሪያ ቤት መመሪያ ከአራቱ አንዱን በዘፈቀደ መርጦ የጻፈ እንደ ሆነ፣ አንባቢው ለባለሙያው የተሰጠው ሥልጣን እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ ሊያውቅ አይችልም።

ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ቃላቱን ከመምረጣችን በፊት ሥራው ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ በአጭሩ እንመለከታለን። የቃላቱ መደራረብ በታሪክ የመጣ ስለ ሆነ መፍቻውም የሚገኘው ከዚያው ከታሪኩ ነው ብለን እናምናለን። ዓመታቱ በሙሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

2. መቁጠርና መላክ በአርፓኔት

በርቀት የሚገኙ ኮምፒዩተሮችን በማያያዝ ረገድ ፈር ቀዳጅ የሆነው አርፓኔት በ1969 ሥራ ሲጀምር፣ የመጀመሪያው ጣቢያ በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተተከለው ያለ ምክንያት አልነበረም። በሊዮናርድ ክላይንሮክ የሚመራ የአውታረ መረብ መለኪያ ማእከል በዚያ እንዲሠራ ታቅዶ ስለ ነበር ነው። መልእክት ተቆራርጦ በጥቅል በጥቅል ሲላክ በየጣቢያው ምን ያህል እንደሚቆይና የት ላይ እንደሚጠራቀም ክላይንሮክ አስቀድሞ በወረፋ ሒሳብ አጥንቶት ነበር። ይህ በወረቀት የተገመተ ነገር በተግባር መረጋገጥ ነበረበት። እንግዲህ መለካት ከአውታረ መረቡ ጋር አብሮ የተወለደ እንጂ በኋላ የተጨመረ ሥራ አይደለም ማለት ነው።

ጥቅሎቹን የሚያስተላልፉትና «ኢምፕ» የሚባሉት አነስተኛ ኮምፒዩተሮች የተሠሩት በማሳቹሴትስ ግዛት በካምብሪጅ ከተማ በሚገኘው በቦልት ቤራኔክ ኤንድ ኒውማን ኩባንያ ነበር። በእነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ ለመለኪያ የሚሆኑ ልዩ ልዩ ዘዴዎች ተካተው ነበር። አንደኛው ያለፉትን ጥቅሎች ብዛትና ርዝመት የሚቈጥር ነው። ሁለተኛው በአንድ ቅጽበት በኢምፑ ውስጥ የቆመውን ወረፋ ቀርጾ የሚያሳይ ነው። ሦስተኛው ምልክት የተደረገበት ጥቅል በየኢምፑ የደረሰበትንና የወጣበትን ሰዓት የሚመዘግብ ነው። አራተኛው ሰው ያልጻፈውን መልእክት ራሱ እየፈጠረ ወደ መረቡ የሚለቅ ነው።

የመጨረሻውን ከቀሩት ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የፊተኞቹ የሚያልፈውን ይመለከታሉ፤ አራተኛው ግን በመረቡ ላይ ያልነበረ ምልልስ ይጨምራል። ይህ መጨመር ከንቱ አልነበረም። በ1970 ሮበርት ካንና ባልደረቦቹ በሎስ አንጀለሱ ማእከል ሆነው ሆን ብለው የፈጠሩትን ምልልስ በመረቡ ላይ በብዛት በመልቀቅ፣ ጥቅሎቹ ተቀባዩ ጣቢያ ላይ እንደገና ሲገጣጠሙ ሊቆላለፉና መረቡን ሊያቆሙ እንደሚችሉ በተግባር አሳይተዋል። ቢጠብቁ ኖሮ ጉድለቱን የሚያገኙት አደጋው ከደረሰ በኋላ ነበር።

በሌላ በኩል ክላይንሮክና ዊልያም ኔይለር በኦገስት 1973 ለ7 ቀናት ያህል የአርፓኔትን ምልልስ በመቁጠር ሠርተው በ1974 ያወጡት ጥናት የመጀመሪያውን ዘዴ ጥቅም ያሳያል። ጥናቱ ካሳያቸው ነገሮች አንዱ፣ ከምልልሱ ቀላል የማይባለው ክፍል ከአንድ ኢምፕ ጋር በተያያዙ በአንድ ግቢ ባሉ ኮምፒዩተሮች መካከል የሚደረግ መሆኑ ነበር። ለሩቅ ተብሎ የተዘረጋው መረብ ለጎረቤትም ያገለግል ኖሯል። ይህን ለማወቅ የማንንም መልእክት ማንበብ አላስፈለገም፤ መነሻውንና መድረሻውን መቁጠር ብቻ በቂ ነበር።

3. ሪፖርቱ ራሱ ሸክም ሲሆን

ኢምፖቹ የለኩትን ብቻ ሳይሆን የራሳቸውንም ሁኔታ ገደማ በየደቂቃው ካምብሪጅ ወዳለው የመቆጣጠሪያ ማእከል ይልኩ ነበር። ማእከሉ በዚህ ሪፖርት አማካይነት የስልክ መስመር ሲበላሽ ባለቤቱ የስልክ ኩባንያ ሳያውቅ ቀድሞ የሚያስታውቅበት ጊዜ ነበር። እዚህ ላይ «መቆጣጠሪያ» የሚለው ስያሜ ትክክል ነው፤ ማእከሉ ከሩቅ ሆኖ ኢምፖቹን እንደገና ማስነሣትና ፕሮግራማቸውን መለወጥ ይችል ነበርና። ቁጥጥርና ክትትል በአንድ ጣራ ሥር መዋላቸው ግን በኋላ ለተፈጠረው የቃላት መቀላቀል አንዱ ምክንያት ሳይሆን አልቀረም።

በኦክቶበር 27 ቀን 1980 የደረሰው አደጋ ሪፖርት የሚባለውን ነገር በሌላ ዐይን እንድናየው ያስገድዳል። ኢምፖች ስለ መስመሮቻቸው ሁኔታ እርስ በርሳቸው የሚያስታውቁበት መልእክት ተራ ቁጥር ይይዛል፤ ተቀባዩም አዲሱን ከአሮጌው የሚለየው በዚህ ቁጥር ነው። በዚያን ቀን በመሣሪያ ብልሽት ምክንያት ከአንድ ኢምፕ የወጡ ሦስት መልእክቶች 8፣ 40 እና 44 የሚል ተራ ቁጥር ይዘው በአንድ ጊዜ በመረቡ ላይ ተገኙ። ቁጥሩ ከ63 በኋላ ወደ ዜሮ የሚመለስ ክብ ስለ ነበር 40 ከ8፣ 44 ከ40፣ 8 ደግሞ ተመልሶ ከ44 አዲስ ሆኖ ተቈጠረ። እያንዳንዱ ኢምፕ ሦስቱን እንደ አዲስ ዜና እየተቀበለ ለጎረቤቶቹ ማስተላለፉን ቀጠለ። መረቡ ስለ ራሱ በሚያወራው ወሬ ተጨናንቆ ለሰዓታት ያህል አገልግሎት መስጠት አቆመ። ኤሪክ ሮዘን በ1981 ያቀረበው ዘገባ ይህን በዝርዝር ገልጾታል።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ለስያሜም የሚጠቅም ነው። ሪፖርት ከምልልሱ ውጭ የቆመ ነገር አይደለም፤ እሱም በዚያው መንገድ የሚጓዝ ምልልስ ነው። ስለሆነም ለማንኛውም የክትትል መሣሪያ ፍቺ ሲሰጥ «ምን ያያል?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «በመረቡ ላይ ምን ይጨምራል?» የሚለውም መመለስ አለበት።

4. ድምፅ ልኮ ማድመጥ

አርፓኔት ከሌሎች መረቦች ጋር ተያይዞ ኢንተርኔት ወደ መሆን ሲሸጋገር መላውን መንገድ ከአንድ ቦታ የሚያይ ማእከል መኖሩ ቀረ። የራሱ ያልሆነውን መረብ ቈጣሪ ማንበብ የማይችል ባለሙያ የቀረው ዘዴ አንድ ነገር ልኮ መልሱን መጠባበቅ ነበር። በ1981 የወጣው የኢንተርኔት ደንብ ማንኛውም ኮምፒዩተር ለተላከለት የማስተጋቢያ ጥያቄ መልስ እንዲሰጥ ያዝዛል። በሜሪላንድ ግዛት የሚገኝ የአሜሪካ ጦር የምርምር ላቦራቶሪ ባልደረባ የነበረው ማይክ ሙስ በዲሴምበር 1983 በዚሁ ደንብ ላይ ተመሥርቶ አንድ አጭር ፕሮግራም ጻፈና «ፒንግ» አለው። ስያሜውን የወሰደው መርከብ ባሕር ውስጥ ያለውን ነገር ለማወቅ ከሚልከው የድምፅ ሞገድ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ቫን ጃኮብሰን የጻፈው «ትሬስራውት» ደግሞ ጥቅሎች ሆን ተብሎ ዕድሜያቸው አጭር ሆኖ እንዲላኩ በማድረግ፣ የሞቱበት ጣቢያ ስሙን እንዲያስታውቅ የሚያስገድድ ነው። በዚህ መንገድ ጉዞው ጣቢያ በጣቢያ ይታወቃል።

እነዚህ ዘዴዎች ለምን እንዳስፈለጉ የ1986ቱ መጨናነቅ ይመሰክራል። በዚያ ዓመት በኦክቶበር ወር ከሎረንስ በርክሊ ላቦራቶሪ 400 ያርድ ብቻ ርቆ ወደሚገኘው ወደ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ የሚደረገው ምልልስ በሰከንድ ከ32,000 ቢት ወደ 40 ቢት አሽቆልቍሏል። መስመሩ አልተበጠሰም፤ ኮምፒዩተሮቹ ያልደረሰ የመሰላቸውን ጥቅል ደጋግመው በመላክ ራሳቸው አጨናንቀውት ነበር። ጃኮብሰን ይህን ተከታትሎ በ1988 ያቀረበው መፍትሔ ዛሬም የኢንተርኔት መሠረት ነው።

በዚሁ ዘመን ሦስተኛው ሥራ ተስፋፋ። ኮምፒዩተሮች አንድ የጋራ ገመድ በሚጠቀሙበት በኢተርኔት መረብ ላይ ማንኛውም መሣሪያ ለሌላው የተላከውን ጥቅል ሊሰማ ይችላል። በ1986 የተቋቋመው ኔትወርክ ጄኔራል የተባለ ኩባንያ ጥቅሎችን ከነይዘታቸው ቀድቶ የሚያሳይ መሣሪያ «ስኒፈር» በሚል ስም ለገበያ ያቀረበ ሲሆን፣ ስሙ ውሎ አድሮ የዐይነቱ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። እንዲህ ያለው መሣሪያ የሚገባበትን ሁኔታ እንግሊዝኛው ስለ ልቅ የወሲብ ጠባይ በሚነገር ቃል ስለሚጠራው፣ በጥሬው የሚተረጕም ሰው ነውር ነገር ይጽፋል። በአማርኛ «ሁሉን ሰሚ ሁኔታ» ማለቱ ሥራውንም ይገልጻል፤ አንባቢውንም አያሳፍርም።

5. አንድ ቃል ለብዙ ሥራ

«ፕሮብ» የሚለው ቃል በሙያው ጽሑፍ ውስጥ ቦታውን ካጸናባቸው ሰነዶች አንዱ በኖቬምበር 1991 የወጣውና «አርሞን» በመባል የሚታወቀው የርቀት ክትትል ደንብ ነው። ስቲቨን ዋልድቡሰር ያዘጋጀው ይህ ደንብ በየቅርንጫፉ መረብ አንድ መሣሪያ እንዲቀመጥ፣ መሣሪያውም ከዋናው ማእከል ጋር ግንኙነት ቢቋረጥ እንኳ እየቈጠረ እንዲያስቀምጥ፣ ያልተለመደ ነገር ሲያይ ደግሞ ሳይጠየቅ እንዲያስታውቅ ያደርጋል። ማእከሉ በየጊዜው እየጠየቀ ቀጭኑን መስመር እንዳያጨናንቅ የታሰበ ብልህ ዘዴ ነው። በዚህ መሠረት የሚሠሩት መሣሪያዎች «ፕሮብ» ተባሉ። ልብ ልንለው የሚገባን ነገር ግን የደንቡ ዘጠኝ ክፍሎች አንድ ዐይነት አለመሆናቸው ነው። አብዛኞቹ ስለ ቁጥር፣ ስለ ታሪክና ስለ ማስጠንቀቂያ ሲናገሩ፣ ሁለቱ ጥቅሎችን መርጦ ስለ መቅዳት ይናገራሉ። ቈጣሪውና ቀጂው በአንድ ሣጥን፣ በአንድ ስም ገቡ።

ከዚህ በኋላ ደግሞ ቃሉ ፊቱን አዞረ። ዋና መሥሪያ ቤቱ በአምስተርዳም የሆነው ራይፕ ኤንሲሲ በ2010 የጀመረውና «ራይፕ አትላስ» የተባለው ሥራ በዓለም ዙሪያ ፈቃደኞች ቤትና መሥሪያ ቤት ትንንሽ መሣሪያዎችን አስቀምጧል፤ ቁጥራቸውም ከ10,000 በላይ ሆኗል። የእነዚህም ስማቸው «ፕሮብ» ነው። ሥራቸው ግን የአርሞኑ ተቃራኒ ነው። ፒንግና ትሬስራውትን የመሳሰሉ ጥያቄዎችን ልከው የመንገዱን ሁኔታ ያስታውቃሉ እንጂ፣ ያስተናገዳቸውን ሰው ምልልስ አይመለከቱም። እንግዲህ አንድ ተርጓሚ «ፕሮብ» የሚለውን ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል ብቻ ቢመልሰው፣ ፈቃደኛው ሰው በቤቱ ያስቀመጠው መሣሪያ የራሱን መልእክት የሚያነብ ይመስለዋል፤ ወይም በተገላቢጦሽ፣ ይዘት የሚቀዳው መሣሪያ ምንም የማይነካ ይመስለዋል።

«ሞኒተሪንግ» የሚለው ቃል የደረሰበት ነገር ከዚህ የከፋ ነው። ቃሉ የመጣው «ማስጠንቀቅ፣ ማሳሰብ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ግሥ ሲሆን፣ በመሐንዲሶች ዘንድ ለብዙ ዓመታት የመልካም አስተዳደር ምልክት ሆኖ ኖሯል። በሎስ አንጀለሱ የመለኪያ ማእከል በተማሪነቱ የሠራው ቪንተን ሰርፍ በ1991 ያዘጋጀው መመሪያ ግን፣ መለካት ራሱ መረቡንና የተጠቃሚውን ምስጢር እንዳይጐዳ ጥንቃቄ እንዲደረግ አስቀድሞ አሳስቧል። የመንግሥታት የስለላ ድርጅቶች ሥራ በ2013 ለዓለም ከተጋለጠ በኋላ፣ የኢንተርኔት ደንብ አውጪ መሐንዲሶች ማኅበር በሜይ 2014 ባወጣው ሰነድ በጅምላ የሚካሄድ «ሞኒተሪንግ» በመረቡ ላይ የሚፈጸም ጥቃት መሆኑን አስታወቀ። ያው ሰነድ ደግሞ ይህን ለመከላከል ሲባል አውታረ መረብን ማስተዳደር የማይቻል ማድረግ ተቀባይነት እንደሌለው ያስገነዝባል። እንግሊዝኛው የጠባቂውን ተግባርና የአጥቂውን ተግባር በአንድ ቃል ጠርቶ፣ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ለማስረዳት ብዙ ዐረፍተ ነገር ሲያስፈልገው እናያለን።

6. የአማርኛ ስያሜዎች

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1997 ስለ ሆነ ከእነዚህ ቃላት አብዛኞቹ ወደ እኛ የደረሱት ተደራርበው ካለቁ በኋላ ነው። ሆኖም ዘግይቶ መድረስ ጥቅምም አለው፤ ሌላው ሳያስበው የቋጠረውን ለይቶ መፍታት ይቻላል። ከዚህ የሚከተሉትን ስያሜዎች ለውይይት እናቀርባለን።

ሀ) ምልልስ። «ትራፊክ» በአማርኛ ከመንገድ ላይ ተሽከርካሪና ከፖሊሱ ጋር ተጣብቋል። በመረብ ላይ የሚሆነው ግን መሄድና መመለስ፣ መጠየቅና መመለስ ነው። «ቃለ ምልልስ» በሚለው ቃል እንደምናውቀው «ምልልስ» ይህን ሁለትዮሽነት ይገልጻል። «ፍሰት» የሚለውን ቃል ለዚህ ባንጠቀምበት ይመረጣል፤ ከአንድ መነሻ ወደ አንድ መድረሻ የሚሄዱ ጥቅሎች ተከታታይ ለብቻው ስም ያስፈልገዋልና «ፍሰት» ለእሱ ይቆይ።

ለ) ጥቅል። አንዳንዶች «እሽግ» ይላሉ። የታሸገ ነገር ግን ማኅተሙ ሳይሰበር የማይታይ ነው። ያልተመሰጠረ ጥቅል በመንገዱ ላይ ያለ ሁሉ ሊያነበው የሚችል በመሆኑ «እሽግ» ብንለው ለተጠቃሚው የሌለ ዋስትና መስጠት ይሆናል። ስለዚህ «ጥቅል» የሚለው ታማኝ ስም ነው።

ሐ) ክትትል። «ክትትልና ግምገማ» በሚለው የመሥሪያ ቤት አነጋገርና በሐኪም ቤት «የእርግዝና ክትትል» ሲባል ቃሉ መልካም ጥንቃቄን ያሳያል፤ በፖሊስ ዜና ውስጥ ግን ሌላ ነው። ስለሆነም ብቻውን ሳይቆም የሚከታተለው ነገር አብሮት ይጻፍ፤ «የምልልስ ክትትል»፣ «የመስመር ክትትል» እንደ ማለት። «ቁጥጥር» የሚለው ግን መሣሪያው ማገድ ወይም መለወጥ ለሚችልበት ሥራ ብቻ ይጠበቅ። የ2014ቱን ሰነድ ለሚተረጕም ሰው «ጅምላ ክትትል» ማለት ይሻላል። «ስለላ» የሚለው ቃል የአድራጊውን ዓላማ ይናገራል፤ ሰነዱ ግን ድርጊቱ በማንኛውም ዓላማ ቢፈጸም ያው ጥቃት መሆኑን ለማመልከት ዓላማን ሆን ብሎ ትቶታል። ተርጓሚ ደራሲው የተወውን አይጨምርም።

መ) ታዛቢ። የሚያልፈውን ምልልስ ሳይነካ ቈጥሮ ለሚያስታውቅ መሣሪያ የምናቀርበው ስም ነው። «ትዝብት» የነቀፋ ስሜት አለው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል እናውቃለን። ነገር ግን «የምርጫ ታዛቢ» የሚለው አነጋገር ከተለመደ ወዲህ ቃሉ ጣልቃ ሳይገባ አይቶ የሚመሰክርን ሰው መጥቀስ ችሏል። ንጽጽሩም ይገጥማል፤ የምርጫ ታዛቢ ሰልፉን፣ ሣጥኑንና ቈጠራውን ያያል እንጂ ማን ለማን እንደ መረጠ አያይም።

ሠ) ቃፊር። ዋናው ጦር ከመድረሱ በፊት ወደ ፊት ተልኮ የመንገዱን ሁኔታ አይቶ የሚያስታውቅ ሰው በአማርኛ ቃፊር ይባላል። ጥያቄ ልኮ ከመልሱ የመንገዱን ሁኔታ የሚያውቅ መሣሪያ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ቃሉ የጦር ሜዳ ቢሆንም ዛሬ በዕለት ንግግር እምብዛም ስለማይሰማ ለአዲስ ሙያ ነጻ ነው። ቃፊር በመንገዱ ላይ አንድ መንገደኛ የሚጨምር መሆኑንም ስሙ ራሱ ያስታውሳል።

ረ) ቀጂ። ጥቅልን ከነይዘቱ ለሚያስቀር መሣሪያ ነው። «አነፍናፊ» የሚለው ቃል በፖሊስ ውሻ ስለሚታወቅ ለንግግር ይስማማል፤ ለውልና ለመመሪያ ግን ድርጊቱን በግልጽ የሚናገረው «ቀጂ» ይሻላል። አንድ ታዛቢ ይዘት መቅዳት የጀመረ ዕለት ስሙ መለወጥ አለበት፤ ሣጥኑ ያው ቢሆንም።

«ሰርቨር» የሚለው ቃል በየቢሮው የለመደ ስለ ሆነ እንዳለ ይቆይ። ለዚሁ ሥራ የተመደበ ኮምፒዩተር «ታዛቢ ሰርቨር»፣ «ቃፊር ሰርቨር» ወይም «ቀጂ ሰርቨር» ቢባል ሥራው ከስሙ ይታወቃል። የሚያቀርበውም በሁለት ይከፈል፤ ተጠይቆ ወይም በተወሰነ ጊዜ የሚሰጠው «ሪፖርት»፣ ሳይጠየቅ በድንገት የሚልከው «ማስጠንቀቂያ» ይባል።

7. መደምደሚያ

ከላይ እንዳየነው ሦስቱ ሥራዎች፣ ማለትም መቁጠር፣ መላክና መቅዳት፣ በአሠራርም በሚያስከትሉት ኀላፊነትም የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው መረቡን አይጭንም፤ ይዘትም አያይም። ሁለተኛው ይጭናል፤ የሰው ይዘት ግን አይነካም። ሦስተኛው ምንም ሳይጭን ሁሉን ሊያይ ይችላል። ለዚህም ነው ሦስተኛው የሚሠራበት ጊዜ ለተጠቃሚው የማይሰማው። በአንድ ስም ሲጠሩ ባለሙያው ለመቁጠር የተሰጠውን ፈቃድ ለመቅዳት ሊጠቀምበት ይችላል፤ ተጠቃሚውም ቈጣሪውን እንደ ሰላይ ቈጥሮ መረቡን ከአደጋ የሚጠብቀውን ሥራ ሊቃወም ይችላል።

ያቀረብናቸው ቃላት የተሻሉ ከተገኙላቸው ቢለወጡ ቅር አይለንም። ሦስቱ ሥራዎች ሦስት ስም ይኑራቸው የሚለው አሳብ ግን ቃላቱ ቢለወጡም መጽናት አለበት እንላለን። ተርጓሚ «ፕሮብ» የሚል ቃል ባጋጠመው ቁጥር መዝገበ ቃላት ከመግለጡ በፊት «ይህ መሣሪያ ይቈጥራል፣ ይልካል ወይስ ይቀዳል?» ብሎ ይጠይቅ። ጽሑፉ መልሱን ካልሰጠው፣ ቃል ከመምረጡ በፊት ባለሙያውን መጠየቅ ግዴታው ነው።